የዛገ ብሎን ለምን አልፈታ ይላል?
ከጂንካ ጋራዦች የሚቀሰም ፊዚክስና ኬሚስትሪ

ከጂንካ ተነሥቶ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ በሚወርደው የጠጠር መንገድ የሚመላለስ፣ ወይም በቱርሚ አካባቢ ያሉትን አሸዋማ ወንዞች የሚያቋርጥ መኪና ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ሞተሩ ሳይሆን እግሩ ነው። ባሌስትራው ይሰበራል፤ ጎሚኒው ይበላል፤ ሾክ አብዞርበሩ ዘይቱን ያፈስሳል። ባለመኪናው ገንዘቡን አጠራቅሞ አዲሱን ዕቃ ከአዲስ አበባ ያስመጣል። ዕቃው ደርሶ በጋራዡ ጥላ ሥር ከተቀመጠ በኋላ ግን ሌላ ችግር ይከሠታል፤ አሮጌው አልወጣም ይላል። በመመሪያ መጽሐፍ ላይ የሁለት ሰዓት ሥራ ተብሎ የተገመተው ጥገና ሁለት ቀን ይፈጃል። መኪናው የጤና ጣቢያ አምቡላንስ በሚሆንበት ጊዜ እነዚያ ሁለት ቀናት የሚለኩት በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ምጥ የያዛት እናት በቆላው ቀበሌ ሆና መኪና የምትጠብቅባቸው ቀናት ናቸውና።

በዚህ ጽሑፍ የዛገ ብሎንና ፔርኖ በምን ምክንያት ከቦታው ሊለቅ እንደማይችል፣ መካኒኮች የሚጠቀሙባቸው ዘዴዎችስ በየትኛው የተፈጥሮ ሕግ እንደሚሠሩ እንመለከታለን። ለምሳሌ የወሰድነው ላንድክሩዘርን ነው። ዛሬ በየገጠሩ የምናየው የ70 ተከታታይ ምርት እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ የቀረበ ሲሆን ቅርጹ ብዙም ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ይመረታል። ስለሆነም የሠላሳና የአርባ ዓመት ዕድሜ ያለው መኪና ከአዲሱ ጎን ተሰልፎ ሲሠራ ማየት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የላንድክሩዘር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር አሮጌ የስፖርት መኪናውን በቤቱ ጓሮ ለማደስ የሚደክም ሰው፣ በአዲስ አበባም የቮልስ ወዳጅ የሆነ ሁሉ የሚታገለው ከዚሁ ዝገት ጋር ነው። በአውሮፓ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናን እግር ይበላል። በእኛ አገር ይህ ልማድ ባይኖርም ጭቃና አቧራ፣ የወንዝ ውኃና የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ተባብረው ተመሳሳይ ውጤት ያስከትላሉ።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ተገቢ ይመስለኛል። ብሎን፣ ዳዶ፣ ባሌስትራ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ የሚሉት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በተማሪ ቤት መጻሕፍት ውስጥ አይገኙም፤ በጋራዥ ውስጥ ግን ያለ እነርሱ መነጋገር አይቻልም። በዚህ ጽሑፍም በእነርሱ እንጠቀማለን፤ ሳይንስ የሚሠራበትን ሰው ቋንቋ ሊንቅ አይገባውምና።

ዝገት ቦታ ይሻል

አንድን ብሎን የሚይዘው በመጀመሪያ ደረጃ ሰበቃ ነው። ብሎን ሲጠብቅ በመጠኑ እንደ ጎማ ክር ይለጠጣል፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ የሚያደርገው ስበትም ሁለቱን ዕቃዎች አጣብቆ ይይዛቸዋል። የሚገርመው ግን በመፍቻው ላይ ካሳረፍነው ጉልበት ውስጥ ብሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው ከመቶ አሥር እጅ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር ያለውን ሰበቃ ለማሸነፍ፣ አርባ እጅ የሚሆነው ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ሰበቃ ለማሸነፍ ይውላል። ይህ እንግዲህ ብሎኑ አዲስና ንጹሕ ሳለ ነው። ሰበቃው በዝገት ምክንያት በጥቂቱ እንኳ ቢጨምር ለመፍታት የሚያስፈልገው ጉልበት ምን ያህል እንደሚያሻቅብ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ብረት ሊዝግ ውኃና ኦክስጅን በአንድነት ያስፈልጉታል። ሂደቱ እንደ ትንሽ ባትሪ የሚቆጠር ነው። በብረቱ ላይ ባለ አንድ ቦታ የብረት አቶሞች ኤሌክትሮኖቻቸውን ትተው ወደ ውኃው ይገባሉ፤ እነዚያ ኤሌክትሮኖች በብረቱ ውስጥ ተጉዘው በሌላ ቦታ ከኦክስጅንና ከውኃ ጋር ይዋሐዳሉ። በውኃው ውስጥ ጨው ሲኖር ኤሌክትሪክን የማስተላለፍ ኃይሉ ይጨምራል፤ ዝገቱም ይፈጥናል። ከወይጦ ሸለቆ በታች የተዘረጋው ሜዳ ጨው ባሕር የሚለውን ስሙን ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አቅጣጫ የሚጓዝ መኪና በሻንሲው ሥር የሚሰበስበው አቧራ በደረቅ ጊዜ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ጨዋማ ጭቃ ሆኖ ይለጠፋል። በደቡብ ኦሞ ደግሞ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ በመጋቢትና በሚያዝያ ገደማ፣ ሌላው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት። ስለዚህ ጭቃው ለመድረቅ ፋታ አያገኝም። በባሌስትራ ማቀፊያ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጭቃ በብረት ላይ እንደ ተጣለ እርጥብ ጨርቅ ነው።

በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ያለ ውኃ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ውኃው በስስ ቧንቧ እንደሚሳብ ሁሉ በብሎንና በቀዳዳ መካከል ወዳለው ክፍተት ይሳባል፤ ነፋስ ስለማይደርስበትም አይደርቅም። በስንጥቁ አፍና በጥልቁ መካከል የሚፈጠረው የኦክስጅን መጠን ልዩነት ራሱ ብረቱን ከውስጥ እንዲበላ ያደርገዋል። ከውጭ ደህና የሚመስል ፔርኖ መሐሉ ተቦርቡሮ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ለመፍታት አስቸጋሪ የሚያደርገው የብረቱ መበላት ሳይሆን በምትኩ የሚፈጠረው ነገር ነው። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ይሻል። እንደ ዓይነቱና በውስጡ እንደያዘው ውኃ መጠን ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ይሰፋል። በክፍት ቦታ የተፈጠረ ዝገት ተፈርፍሮ ይወድቃል። በብሎንና በማቀፊያው ቀዳዳ መካከል የተፈጠረው ግን መውጫ ስለሌለው ሁለቱን ወገን እየገፋ ራሱን እንደ ሽብልቅ ይወትፋል። በባሕር ዳርቻ በተሠሩ ሕንፃዎች የፌሮ ብረት ሲዝግ ኮንክሪቱን የሚሰነጥቀው ይኸው ግፊት ነው። እንዲህ ያለውን ግፊት ተቋቁሞ የተቀመጠ ፔርኖ በመዶሻ አንድ ጊዜ ስለተመታ አይወጣም ቢባል ሊያስገርም አይገባም።

በዚህ ላይ የመንገዱ ሁኔታ ይጨመራል። የጠጠር መንገድ ከጊዜ ብዛት እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይሸበሸባል። በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለው ርቀት 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢነዳ እያንዳንዱ ጎማ በሴኮንድ 20 ጊዜ ያህል ይመታል። ይህም በአንድ ሰዓት ጉዞ ከ70,000 ምት በላይ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ምት ፔርኖው በዓይን በማይታይ መጠን ይንሸራተታል፤ ንሸራተቱም ብረቱን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ይፍቀዋል፤ አዲስ የተገለጠው ብረት ወዲያው ይዝጋል። በቀዳዳው አካባቢ ደረቅና ቀይ ቡናማ ዱቄት የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። በአንዳንድ መኪናዎች ላይ በጎሚኒው መሐል የብረት ቀለበት ይገኛል፤ ብሎኑ ከዚያ ቀለበት ጋር በዝገት ሲጣበቅ ዳዶው ተፈትቶ እንኳ ብሎኑ አይወጣም። መካኒኩ ብሎኑን ሲያዞር ጎሚኒው አብሮ ይዞራል፤ ሲለቀውም እንደ ሞላ ተመልሶ ይመጣል።

ዘይት ጊዜ ይፈልጋል

በጂንካም ሆነ በሌላ ከተማ የመካኒክ የመጀመሪያ እርምጃ በብሎኑ ላይ አንዳች ፈሳሽ ማፍሰስ ነው። አንዱ ነጭ ጋዝ፣ ሌላው ናፍጣ፣ ሌላው የፍሬን ዘይት ይመርጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያፈስም አይጠፋም። ከእነዚህ የሚሻለውን ለመለየት ፈሳሽ በጠባብ ክፍተት ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

ውኃ ራዲየሱ 0.1 ሚሊ ሜትር በሆነ የመስታወት ቧንቧ ውስጥ ያለ ማንም ገፊ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ክፍተቱ በጠበበ መጠን የሚወጣበት ከፍታ ይጨምራል። ስለዚህ ፈሳሹ ወደ ብሎኑ ጥርስ መግባቱ አያጠራጥርም፤ ጥያቄው በምን ያህል ጊዜ ይደርሳል የሚለው ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው በዋናነት የፈሳሹ መወፈርና መቅጠን ነው። ነጭ ጋዝ እንደ ውኃ ቀጭን ነው ማለት ይቻላል። ወፍራም የሞተር ዘይት ግን በጂንካ የማለዳ ቅዝቃዜ ከነጭ ጋዝ ከመቶ እጥፍ በላይ ይወፍራል። ስለዚህ ነጭ ጋዝ በአንድ ሰዓት የሚደርስበት ጥልቀት ለሞተር ዘይት በርካታ ቀናት ሊፈጅበት ይችላል ማለት ነው። የተቃጠለ ዘይት በብሎን ላይ ማፍሰስ እጅ ከማቆሸሽ ያለፈ ጥቅም የሌለው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ነጭ ጋዝ ፈጥኖ ቢገባም የማለስለስ ኃይሉ አነስተኛ ነው። ጥቂት ቀጭን ዘይት ቢቀላቀልበት ነጭ ጋዙ መንገድ ይመራል፤ ዘይቱም ተከትሎ ገብቶ ያለሰልሳል። ለዚሁ ተብለው በጣሳ የሚሸጡት ፈሳሾችም የተመሠረቱት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ይበልጥ ጠቃሚ ነው። ፈሳሹ የሚጓዘው ርቀት ከጊዜው ጋር እኩል አያድግም፤ ርቀቱ ሁለት እጥፍ እንዲሆን ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት። ሦስት እጥፍ ከሆነ ዘጠኝ። ቀብቶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መታገል የሚጀምር ሰው የመጀመሪያውን ጥርስ ብቻ አርሶ ነው ሥራውን የጀመረው። የሠለጠነ መካኒክ ግን ማታ በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን ጠርጎ ይቀባል፤ በመዶሻ ቀስ እያለ ያንኳኳል፤ ጠዋት ደግሞ ይቀባል። ማንኳኳቱ የከንቱ ልማድ አይደለም። ዝገት ተሰባሪ ነው፤ በንዝረት ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁም ለፈሳሹ አዲስ መንገድ ይከፍትለታል።

የፍሬን ዘይትን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ቀለም ይልጣል። ናፍጣና ነጭ ጋዝ ደግሞ የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣሉ። ጎሚኒው አብሮ የሚለወጥ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ የማይለወጥ ከሆነ ግን በጨርቅ መጠቅለል ይሻላል።

ቀዳዳው ይሰፋል ወይስ ይጠባል?

ለተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ። በመሐሉ ቀዳዳ ያለው ብረት ሲሞቅ ቀዳዳው ይሰፋል ወይስ ይጠባል? ብዙዎች ብረቱ ወደ ውስጥም ስለሚሰፋ ቀዳዳው ይጠባል ብለው ይመልሳሉ። ትክክለኛው መልስ ይሰፋል ነው። ለማስረዳት ቀዳዳ የሌለው ክብ ብረት አስቡ፤ በላዩም በእርሳስ አንድ ክብ ሥሩበት። ብረቱ ሲሞቅ ያ የተሣለው ክብ ከሌላው ክፍል ጋር አብሮ ይሰፋል። ክቡ ተቆርጦ ቢወጣም በዙሪያው ያለው ብረት የሚሰፋበት መጠን አይለወጥም። ቀዳዳው እንግዲህ ልክ በብረት የተሞላ ይመስል ይሰፋል።

የአንድ ሜትር ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚረዝመው 12 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር በሆነ ብሎን ላይ ያለ ዳዶ ከብሎኑ በ200 ዲግሪ ቢበልጥ ቀዳዳው በ0.034 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ይህ የአንድ ፀጉር ውፍረት ግማሽ ቢሆን ነው። በብሎንና በዳዶ መካከል ያለው ክፍተት ራሱ በዚሁ ደረጃ የሚለካ በመሆኑ ግን ትንሽ የሚባል አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ልዩነቱ ነው። ሁለቱም እኩል ከሞቁ እኩል ይሰፋሉ፤ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ እሳቱ በዳዶው ወይም በማቀፊያው ላይ ብቻ በፍጥነት መለቀቅ አለበት። የኦክስጅን ብየዳ ነበልባል ከከሰል እሳት የሚመረጠው ይበልጥ ስለሚሞቅ ብቻ ሳይሆን ጠባብ ቦታን በፍጥነት ስለሚያሞቅ ነው። ብሎኑ በኋላ መሞቁ አይቀርም፤ ቢሆንም በመስፋትና በመኮማተር መካከል ዝገቱ ይፈረካከሳል። በመሆኑም አሙቆ ከማቀዝቀዝ በኋላ ብሎኑ ሊለቅ ይችላል።

በብዙ አሮጌ የስፖርት መኪናዎች ላይ የብረት ብሎን በአሉሚኒየም ውስጥ ያልፋል። ሁለት የተለያዩ ማዕድናት በእርጥበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ቀድሞ ተበልቶ ነጭ ዱቄት ይሞላበታል። ሆኖም የአሉሚኒየም መስፋት ከብረት ሁለት እጥፍ ስለሚጠጋ ሙቀት በዚያ ላይ ይበልጥ ይረዳል።

እዚህ ላይ ስለ ሰም መናገር ያስፈልጋል። ማር በሞላበት በአሪ ደጋ ሰም ማግኘት አይቸግርም። ሰም ከ60 ዲግሪ ጥቂት በላይ ይቀልጣል። ዳዶው ሞቆ እሳቱ ከተነሣ በኋላ የሰም ቁራጭ በብሎኑና በዳዶው መጋጠሚያ ላይ ቢነካ ቀልጦ በዚያው መንገድ ይሳባል፤ ሲቀዘቅዝም በውስጥ ሆኖ ያለሰልሳል። ከተጨሰ ብረቱ ከልክ በላይ ሞቋል ማለት ነው፤ ትንሽ መታገሥ ይበቃል።

ሙቀት ግን ዋጋ ያስከፍላል። የመኪና እግር ብሎኖች ጥንካሬያቸውን ያገኙት ከሙቀት ሕክምና ነው፤ ከ400 ዲግሪ በላይ ሲሞቁ ያ ጥንካሬ ይለቃቸዋል። እስኪቀላ የሞቀ ብሎን ደህና ቢመስልም ተመልሶ ሊገጠም አይገባውም። ባሌስትራው ራሱ ከዚህ የባሰ ነው። እሳት የነካው ቅጠል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው ቦታ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። በቀትር ፀሐይ የሚሠራ ሰው ደግሞ የብረቱን መቅላት አያይም፤ በጥላ ሥር በደብዛዛው የቀላ መስሎ የሚታየው ብረት 600 ዲግሪ ገደማ የደረሰ ስለሆነ በብርሃን ሲሠሩ ከዚያ አልፎ መሄድ ቀላል ነው።

ስለ እሳትና ብረት ከተነሣ በጂንካ ዙሪያ ያሉትን የአሪ ብረት ቀጥቃጮች ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። በብረት ሙቀት ላይ ያላቸው ዕውቀት ከጋራዡ እጅግ የቆየ ነው። ይሁን እንጂ በማኅበረሰቡ ውስጥ ለረጅም ዘመን ተገልለው ኖረዋል፤ ከሌላ ዘር የመጡ ናቸው የሚል አስተያየትም ሲሰነዘርባቸው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሎስ ጄኔቲክስ በተባለው የምርምር መጽሔት የወጣ የዘረ መል ጥናት ግን ቀጥቃጮቹና ገበሬዎቹ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ የጋራ ምንጭ እንዳላቸው፣ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነትም በመገለልና በመካከላቸው ጋብቻ በመቋረጡ የመጣ መሆኑን አመልክቷል። ዛሬ ብየዳ ቤት የሚሠራ ወጣት እንደ ባለሙያ ሲከበር የቀጥቃጭ ልጅ መናቁ የሚያሳዝን ነው።

ጉልበትና ረጅም ቱቦ

ብሎን አልፈታ ሲል ብዙ ሰው ወዲያው የሚፈልገው በመፍቻው እጀታ ላይ የሚሰካ ረጅም ቱቦ ነው። የመጠምዘዝ ኃይል የጉልበትና የርዝመት ብዜት መሆኑ የታወቀ ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በግማሽ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ቢንጠለጠል 300 ኒውተን ሜትር ያህል ያስገኛል፤ በአንድ ሜትር ተኩል ቱቦ ላይ ከሆነ ግን ወደ 900 ይደርሳል። አሁን ይህን ከብሎኑ አቅም ጋር እናስተያይ። 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና በራሱ ላይ 8.8 የሚል ጽሑፍ ያለው ብሎን በመጠምዘዝ ብቻ የሚበጠሰው በ200 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ቱቦው የሚሰጠው ከዚህ አራት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ቱቦ ሰክቶ በሙሉ ክብደት መንጠልጠል ብሎኑን መፍታት ሳይሆን መበጠስ ነው። የተበጠሰ ብሎን በሻንሲው ውስጥ ሲቀር ደግሞ በመሰርሰሪያ ማውጣት ይኖርበታል፤ ያም የቀን ሥራ ነው።

የተሻለው ጥቂት ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ማዞር፣ ከዚያ ወደ መፍቻው መመለስ፣ እንደገና ማጥበቅ ነው። በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ዝገቱ ይደቅቃል፤ ዘይትም ይገባል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢገፋ ግን የደቀቀው ዝገት በጥርሶቹ መካከል ተጠቅጥቆ መንገዱን ይዘጋል። ብሎኑ መዞር ከጀመረ በኋላ እንደገና የሚጠነክረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ትዕግሥት እንጂ ቱቦ አይደለም። የመፍቻው አፍ ደግሞ ባለ 6 ጎን እንዲሆን ይመከራል። ባለ 12 ጥርሱ ብሎኑን የሚይዘው በማዕዘኖቹ ጫፍ ብቻ በመሆኑ የዛገውን ራስ ፈጥኖ ያሟልጨዋል።

መዶሻ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን መዶሻ በሴኮንድ 6 ሜትር ፍጥነት መጥቶ በግማሽ ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ቢቆም የሚያሳርፈው አማካይ ኃይል 18,000 ኒውተን ነው፤ ይህም ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ክብደት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ኃይል የሚገኘው መቆሚያው ጊዜ አጭር ከሆነ ብቻ ነው። በመዶሻና በብረት መካከል እንጨት ሲገባ ጊዜው ይረዝማል፤ ኃይሉም ያንሳል። ብሎኑን እንዳይጎዳ ብለው እንጨት የሚያስገቡ ሰዎች ምቱ ለምን እንደማይሠራ የሚገረሙት ይህን ባለማስተዋል ነው። የነሐስ ዘንግ በመካከል ማድረግ ይሻላል፤ ከብረት የለሰለሰ በመሆኑ ጥርሱን አይጎዳም፤ ምቱን ግን እንደ እንጨት አይውጠውም።

የመሪ ቴስቲና ልዩ ጉዳይ ነው። ጫፉ እንደ ቡሽ ከአንድ ወገን ቀጠን ያለ ሆኖ በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ ተወትፎ ይቀመጣል። በብዙ መኪናዎች ላይ የሚቀጥነው በእያንዳንዱ 10 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ርዝመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከመሐል መስመሩ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ብቻ የሚያዘነብል ጎን ማለት ነው። ብረት በብረት ላይ በራሱ መንሸራተት እንዲጀምር ግን 8 ዲግሪ ያህል ያስፈልጋል። በመሆኑም ዳዶው ተፈትቶ እንኳ ቴስቲናው ከቦታው አይነቃነቅም። የጥርሱን ጫፍ ከታች ወደ ላይ መደብደብ የተለመደ ቢሆንም ጫፉን አሳብጦ ዳዶው ዳግም እንዳይገባበት ከማድረግ በቀር ብዙ አይጠቅምም። ትክክለኛው ዘዴ የክንዱን ጉንጭ መምታት ነው። በአንድ ወገን ከባድ መዶሻ ደግፎ በሌላው ወገን በሌላ መዶሻ ሲመታ ክቡ ቀዳዳ ለቅጽበት ሞላላ ይሆናል፤ ውጥፉም ይለቃል። ዳዶው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ በጥቂት ጥርስ ተይዞ ቢቆይ ቴስቲናው በድንገት ሲወርድ ሰውን አይመታም።

ከመኪና ሥር ከመግባት በፊት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ብረት ነው፤ ከብረቱ ሥር የሚተኛው ግን ሰው ነው።

መኪናን በክሪክ ብቻ አቁሞ ከሥሩ መግባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አንድ ቶን ክብደት 10 በ10 ሴንቲ ሜትር በሆነ የክሪክ መቀመጫ ላይ ሲያርፍ በአፈሩ ላይ የሚፈጥረው ግፊት እርጥብ ሸክላ አፈር ሊሸከመው ከሚችለው እጅግ ይበልጣል። ያው ክብደት 40 በ40 ሴንቲ ሜትር በሆነ ወፍራም ጣውላ ላይ ቢያርፍ ግፊቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ከክሪኩ ሌላ ሻንሲውን የሚደግፍ የብረት ካቫሌቶ ወይም በመስቀለኛ የተደራረበ ጠንካራ እንጨት ያስፈልጋል። ብሎኬት ለዚህ አይሆንም፤ በድንገት ይፈረካከሳልና። የዛገ ብሎን የሚፈታው በመግፋትና በመምታት መሆኑን ደግሞ መርሳት አይገባም፤ መኪናው መናወጡ አይቀርም።

የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ በብዙ ሞዴሎቹ ላይ ከፊት በባሌስትራ ፋንታ ሞላ ተደርጎለታል። የተጨመቀ ሞላ ጉልበት ያጠራቅማል። 6,000 ኒውተን ተሸክሞ በ15 ሴንቲ ሜትር የተጨመቀ ሞላ 450 ጁል ይይዛል፤ ይህም 45 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንጋይ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ያለው ጉልበት ነው። ስለዚህ ሞላውን የያዘው የመጨረሻ ብሎን ከመፈታቱ በፊት አክስሉ ቀስ ብሎ እንዲወርድ በክሪክ መደገፍ ይገባዋል።

በሾክ አብዞርበር ላይ እሳት መልቀቅ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። በውስጡ ዘይት፣ በብዙዎቹም የታመቀ ጋዝ አለ፤ የተዘጋ ዕቃ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሊፈነዳም ይችላል። የሾክ አብዞርበር ዳዶ ካልተፈታ ዕቃው የሚጣል በመሆኑ በመጋዝ ወይም በግራይንደር መቁረጥ ይመረጣል። በአጠቃላይ መቁረጥ እንደ ሽንፈት ሊቆጠር አይገባውም። አዲስ ብሎን በእጅ ካለ የድሮውን ለማዳን ግማሽ ቀን መድከም ትርፍ የለውም። መቁረጡ የሚያሳስበው አዲሱ በሌለበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ዕቃ ከሩቅ በሚመጣበት ከተማ የሚሠራ መካኒክም ለመቁረጥ የሚያመነታው ከዚህ አንጻር ነው። የብረት ፍንጣሪ ግን ዓይን ያሳውራል፤ መነጽሩ በመፍቻው ሳጥን ውስጥ መቀመጡ ብቻ አይጠቅምም።

መልሶ መግጠም

አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሲገባ ቀጣዩን ፈቺ ማሰብ ተገቢ ነው። ቀዳዳው በአሸዋ ወረቀት ይጸዳል፤ ፔርኖውም በስሱ ግራሶ ይቀባል። ግራሶው ውኃን በማራቅ ዝገትን ያዘገያል። ሆኖም በጎሚኒ ላይ የሚቀባው ለጎማ የሚስማማ መሆን አለበት፤ ከነዳጅ የተሠራው ተራ ግራሶ የተፈጥሮ ጎማን በጊዜ ብዛት ያሳብጠዋል። የብሎን ጥርስ ሲቀባ ደግሞ ከላይ ያየነውን የሰበቃ ድርሻ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከመቶ ዘጠና እጅ የሚሆነው ጉልበት ለሰበቃ የሚውል ከሆነ፣ ሰበቃው ሲቀንስ በዚያው የመጠምዘዝ ኃይል ብሎኑ እጅግ የበለጠ ይለጠጣል። መመሪያው ለደረቅ ጥርስ የሰጠው ልክ ለተቀባ ጥርስ ይበዛል፤ ከሩብ ያላነሰ መቀነስ የተለመደ ነው።

የመጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ጎሚኒ ያለበት ብሎን መኪናው በክሪክ እንደ ተሰቀለ ተጠብቆ መጨረስ የለበትም። እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ጎሚኒው ከተያዘ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው በተጠመዘዘ ሁኔታ ይቀራል፤ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። ስለዚህ ዳዶው በእጅ ብቻ ይጠብቃል፤ መኪናው ወርዶ በአራት ጎማው ይቆማል፤ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከዚያ በኋላ በልኩ ይጠብቃል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የያዙት በሁለት ወገን የታጠፉ ብሎኖች ደግሞ ቅጠሎቹ ቦታቸውን ሲይዙ ስለሚላሉ፣ መኪናው ከመጀመሪያው የጠጠር መንገድ ጉዞ ሲመለስ እንደገና መፍቻ ሊነካቸው ይገባል።